የሚቀበል ሰው

ታንኳዋ ከዘጌ ጫካ ጥላ ወጥታ ገላጣው ውኃ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ገና ከሐይቁ ከፍ አላለችም ነበር። መምሬ ሀብተ ሥላሴ ከኋላ ተንበርክከው የቀርከሃውን መቅዘፊያ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያጠለቁ ይገፋሉ። ከፊታቸው እስከ ደረታቸው የሚደርስ ማገዶ ተቆልሏል። ከማገዶው ወዲያ፥ ከታንኳዋ አፍንጫ ዘንድ፥ አንድ ወጣት ጋቢ ተከናንቦ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የተሠራችበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ ስለከበደ ታንኳዋ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ቀዘፋው በበረታ ቁጥር ውኃው ከመቀመጫው ሥር ገባ ወጣ ይላል። ወጣቱ ብርዱ ከውኃው ይሁን ከገዛ አጥንቱ መለየት አልቻለም።

ስሙ አምሐ ነው። በዚያ ቅዳሜ፥ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፥ በጣና ላይ ወደ ባሕር ዳር ይጓዝ ከነበረው ሰው ሁሉ ወደ ከተማዋ መሄድ የማይገባው እሱ ብቻ ነበር። ቀበሌው ይፈልገዋል። አብዮት ጠባቂዎቹ መልኩን ያውቁታል። የተከናነበው ጋቢም የሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ከሞተ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው።

የጋቢው ባለቤት ዓምደ ሚካኤል ይባል ነበር። የመምሬ ሀብተ ሥላሴ አንድያ ልጅ ነው።

አምሐ የናዝሬት ልጅ ነው፤ አባቱ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪናዎችን የሚጠግን መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። ቤት የተጋራው ከፈትል ክፍሉ ከዓምደ ሚካኤል ጋር ነው። ዓምዴ ያን ጊዜ ማተቡን ከአንገቱ ያልፈታ፥ ረቡዕና ዓርብ እህል ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የቄስ ልጅ ነበር። አምሐ ዓመት ሳይሞላው አስፈታው። ከሥራ መልስ አልጋ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፥ ሰማይ ባዶ እንደሆነ፥ ቄስና ባላባት ከአንድ ማዕድ እንደሚበሉ፥ እግዚአብሔርን የፈጠረው የሰው ፍርሃት እንደሆነ ይነግረዋል። ዓምዴ መጀመሪያ ይከራከራል፤ ኋላ ያዳምጣል፤ ኋላ ዝም ይላል። አንድ ዓርብ አብረው ሥጋ ቤት ገቡ። ያን ቀን አምሐ አንድ ሰው ከባርነት ያወጣ ያህል ነበር የተሰማው።

ጥር ላይ አምሐ ተያዘ። ኪሱ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘበት። ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን፥ ውስጥ እግሩን ገርፈው ወረቀቱን የሰጠህ ማን ነው ሲሉት ዓምደ ሚካኤል ነው አለ። እውነቱ ግን ዓምዴ ወረቀቱን በእጁ እንኳ አልነካውም፤ አምሐ ራሱ ነበር ያነበበለት። ለምን የሱን ስም እንደጠራ ከዚያ ወዲያ ራሱን ስንቴ ጠየቀ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘም፤ አፉ ላይ ቀድሞ የመጣው ስም የሚወደው ሰው ስም ነበር።

ጥር ሠላሳ ቀን ሊነጋጋ ሲል ዓምዴንና ሌሎች አራት ሰዎችን በጭነት መኪና ወደ ሐይቁ ዳርቻ፥ ሸንበቆ ውስጥ፥ አወጧቸው። አምሐንም አካፋ አስይዘው ጫኑት። ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው፤ የደፈነውም እሱ ነው። በማግስቱ ፈቱትና በየሰኞው እየመጣህ ፈርም አሉት። በሦስተኛው ሰኞ ባዶ ወረቀት ሰጥተው በሚቀጥለው አምስት ስም ጽፈህ ና አሉት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሐይቁ ወረደ። ማገዶዋን አራግፋ የምትመለስ አንዲት ታንኳ ነበረች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሳይጠይቅ ገባባት።

ወባው የጀመረው ውኃው መሃል ነው። ዘጌ መድረሱን ሲያውቅ፥ ዓምዴ የዘጌ ልጅ መሆኑ ትዝ አለውና ልመለስ አለ፤ ቀዛፊው ግን ታንኳዋን ዳርቻ ላይ አቁሞ ወደ መንደሩ ሄዶ ነበር። አምሐ ጥቂት ተራመደና ወደቀ። በነጋታው ጠዋት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ አንድ ቄስ አገኙትና በጀርባቸው አዝለው ወሰዱት። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። በዚያ ዘመን ታሞ የወደቀን ሰው ማንነት መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ደግ አልነበረም።

ዘጠኝ ቀን ቀባዠረ። ያስታመሙት የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ናቸው። ልብሱን እያጠቡ፥ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡ፥ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ ከራስጌው አልተነሡም። በሰባተኛው ቀን ማታ አምሐ ዓምደ ሚካኤል ነው፥ እሱ ነው የሰጠኝ፥ ተውኝ እያለ ጮኸ። ስለ አካፋው አወራ። ስለ ሸንበቆው አወራ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባልና ሚስቱ ልጃቸው መታሰሩን እንጂ ሌላ የሚያውቁት አልነበረም፤ መምሬ ሁለት ጊዜ ከተማ ሄደው ሁለቴም ከበር ተባረዋል። ወይዘሮ ወለላ የልጃቸውን ሞት የሰሙት እንደዚህ ነው፤ በእጃቸው ግንባሩን ከሚያብሱት ሰው አፍ።

አምሐ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ያወቀው ትኩሳቱ ለቆት ከመደቡ ተነሥቶ፥ ከግድግዳው ላይ የዓምዴን ፎቶግራፍ ያየ ዕለት ነው። በፋብሪካው ቱታ፥ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፥ ከተማ ፎቶ ቤት የተነሣው ነው። ፎቶውን ሲነሣ አምሐ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ያስቀው ነበር። ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። መምሬ ሀብተ ሥላሴ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ውጭ እንዳደረጉ የሰሙትን ሁሉ፥ ያወቁበትንም ቀን፥ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት።

«ያን ማታ መጥረቢያ ይዤ ከራስጌህ ቆሜ ነበር» አሉት። «ወለላ ቀና ብላ አላየችኝም። ውኃው አልቋል፥ ቀድተህ አምጣ አለችኝ። መጥረቢያውን አስቀመጥሁና ወረድሁ።»

አምሐ ለምን እንዳስታመሙት ጠየቃቸው።

«ከጥር ጀምሮ አንድ ነገር ነበር የምለምነው። ልጄን መልስልኝ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ሰው ልቡ ያውቃል። መጨረሻውን ያየ አንድ ሰው ላክልኝ ነበር የምለው። እንዴት እንደሞተ፥ የት እንደወደቀ የሚነግረኝ አንድ ሰው።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ወፈረ። «አንተን ላከ። እኔ የለመንሁት አንተን አልነበረም።»

አምሐ ማንም እንዳላከው፥ ከመጣበት ነገር ሁሉ የእግዚአብሔር እጅ ያለበት አንድም እንደሌለ፥ እግዚአብሔርንም እንደማያምን ነገራቸው። «ያገኘኋት የመጀመሪያዋን ታንኳ ነው የያዝኩት» አለ።

«እኔም የምልህ እሱን ነው» አሉ መምሬ።

ከዚያ ጠየቁት። ቀኑን ሲነግራቸው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና አርባው ቅዳሜ እንደሚውል አገኙ። ልጃቸው በመጨረሻ ምን እንዳለ ሲጠይቁት አምሐ አንድ መልካም ነገር ፈጥሮ ሊነግራቸው አሰበ። ሞትን ሳይፈራ አለፈ፥ ስምዎን ጠራ ሊል አሰበ። የቄሱ ዓይን ግን ገና ከውጭው ላይ አልተነሣም፤ ለሚዋሽ ሰው እንዲያ ያለ ጀርባ ይከብዳል።

«ውኃ ጠየቀ» አለ።

«ሰጡት?»

«አልሰጡትም።»

መምሬ ተነሥተው ወደ ጫካው ገቡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ቦታውን እንዲነግራቸው ብቻ ጠየቁት፤ ቅዳሜ ብቻቸውን ሄደው ፍትሐት ሊያደርሱለት ነው። አምሐ አመድ ላይ በእንጨት እየሣለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። የዓባይ መውጫ፥ ከሱ ወዲህ ሸንበቆ፥ ከሸንበቆው መካከል ገላጣ። ግን የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ ሸንበቆ ነው፤ ምልክት የለውም፤ ምልክት እንዳይኖረው ተብሎ የተመረጠ ነው። እኔ ራሴ ካላሳየሁዎት አያገኙትም አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። መምሬም እንዲመጣ አልለመኑት፥ እንዲቀርም አልነገሩት።

የጉዞው ቀን ጠዋት ዳርቻው ላይ ወይዘሮ ወለላ ወርደው ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቀው ጀምሮ አንዲት ቃል ተናግረውት አያውቁም። ምግቡን ያቀርባሉ፥ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያፈሱትን አፈር በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

«ራሱ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት።

«ወደ ሐይቁ ነው።»

«እንግዲያው በዚያ በኩል አድርግለት» ብለው ቋጠሮውን እጁ ላይ አስቀመጡና ወደ ቤታቸው ወጡ።

አሁን ሐይቁ መሃል ናቸው። ዘጌ ከኋላ ጠቁራ ቀርታለች፤ ከፊት የከተማዋ ቆርቆሮዎች ማብረቅረቅ ጀምረዋል። አንድ የጭነት ጀልባ ከሩቅ እያጓራ ወደ ጎርጎራ አለፈና ማዕበሉ ታንኳዋን አናወጣት። መምሬ መቅዘፊያቸውን አግድመው አረጋጓት። ገጽታቸው ላይ ምንም አይነበብም። አምሐ ጠዋት ጥምጣማቸውን እንዲያወልቁ፥ የገበሬ ባርኔጣ እንዲያደርጉ ለምኗቸው ነበር፤ ልጄን ባርኔጣ አድርጌ አልፈታውም ብለው ዝም አሰኝተውታል። መጽሐፈ ግንዘታቸው በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ከማገዶው ሥር ተቀምጧል።

አምሐ በማገዶው ላይ ቀና ብሎ ጠየቃቸው።

«ይቅር ብለውኛል?»

መምሬ ሦስት ጊዜ ከቀዘፉ በኋላ መለሱለት። «አላልሁህም። በየጠዋቱ እንድል እየተነሣሁ እለምናለሁ። እስካሁን አልመጣልኝም። ቄስ ነኝና ቅዳሴ ልገባ አይገባኝም ብዬ ያን ማታ ከሰማሁህ ወዲህ አልቀደስሁም።»

አምሐ ስለ ንስሐና ስለ ምሕረት ቄሶች የሚሉትን ሁሉ ሰምቶ ያውቃል፤ ሲያፌዝበትም ኖሯል። እንዲህ ያለውን ግን ሰምቶ አያውቅም። ከሚጠብቀው እርግማን ይልቅ ይህ ከበደው።

ትንሽ እንደቆዩ መምሬ ሌላ ነገር አነሡ። ፍትሐት ብቻውን የሚደርስ ጸሎት አይደለም፤ ቄሱ ሲል የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ዲያቆን ይዘው መምጣት አልቻሉም፤ የማንንም ልጅ ወደዚህ ቦታ አያመጡም። ስለዚህ አሁን ያስተምሩታል፥ እሱም ይቀበላቸዋል።

«እኔ አላምንም፤ ነግሬዎታለሁ» አለ አምሐ።

«ማመንህን አልጠየቅሁህም። ተቀበለኝ ነው ያልሁህ።»

«ውሸት አይሆንም?»

«ሌላ ሰው ቢኖረኝ አንተን እጠይቅሃለሁ?» አሉ መምሬ። «እሱስ አንተን የላከልኝ ሌላ ሰው ጠፍቶት መሰለህ?»

መምሬ እየቀዘፉ አንድ አንድ ቃል ይሰጡታል፥ አምሐ ይደግማል። አሜን ኪርያላይሶን፥ እግዚኦ ተሣሃለነ። አምሐ ልጅ ሳለ እናቱ ይዛው ከሄደችበት ቤተ ክርስቲያን ዜማው ሳያስበው እየመጣለት ነበር፤ እሱ ግን ሆን ብሎ በደረቁ አለው። መምሬ አላረሙትም። ደጋግሞ ካለው በኋላ ብቻ ይበቃል አሉት።

አራት ሰዓት ግድም የማገዶ ታንኳዎቹ ወደሚያራግፉበት ወደብ የሚወስደውን አቅጣጫ ትተው ወደ ዓባይ መውጫ ዞሩ። መጋቢት ስለሆነ ውኃው ሸሽቷል፤ ዳርቻው ጭቃ ነው። ሸንበቆው ውስጥ ሲገቡ ከተማዋ ጠፋች። ታንኳዋን ጎትተው ጭቃው ላይ አወጧትና በእግር ሄዱ። አምሐ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው የመኪናውን ጎማ ምልክት አገኘና ተከተለው።

ገላጣው ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል። ጉድጓዱ የነበረበት ላይ ብቻ አፈሩ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ፥ ተሰነጣጥቆ ይታያል። አምሐ በእጁ አሳያቸው። መምሬ ጫማቸውን አወለቁ። ጥቂት ቆመው፥ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቁት። አምሐ ከዳር ሦስተኛው መሆኑን፥ ራሱ ወደ ሐይቁ መሆኑን ነገራቸው። አብረው የተኙትን ስም ጠየቁት፤ አያውቅም።

አምሐ ቋጠሮውን ፈትቶ የዘጌውን አፈር በዓምዴ ራስጌ በኩል አደረገ። መምሬ ከወገባቸው ቅላቸውን ፈትተው ወደ ውኃው ሄዱ፤ ቀድተው ተመለሱና አፈሩ ላይ ቀስ ብለው፥ ሰው እንደሚያጠጣ ሁሉ እያረፉ፥ አፈሰሱት። ውኃው ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ደግመው ሄደው ቀዱ። በሦስተኛው ትከሻቸው ሲርገፈገፍ አምሐ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ መጽሐፉን ከፈቱ፤ መስቀላቸውን ያዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። የልጃቸውን የክርስትና ስም ሲጠሩ አምሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው፤ ወልደ ማርያም። አራት ዓመት በአንድ ክፍል ሲኖሩ ጠይቆት አያውቅም። አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ማርያም ብለው መምሬ ቆሙ፤ የሚቀበላቸውን ጠበቁ። ሸንበቆው በነፋስ ይንሿሿል። አምሐ አፉን ከፈተ፥ ዘጋ። በዚህ ዝምታ ውስጥ ከሱ በስተቀር የሚመልስ ሰው እንደሌለ፥ እሱ ካልመለሰ ጸሎቱ እዚያው ላይ ቆሞ እንደሚቀር ታወቀው።

«አሜን ኪርያላይሶን» አለ። «እግዚኦ ተሣሃለነ።»

ቀጠሉ። አምሐ በየቦታው ተቀበለ። መቼ እንደሆነ ሳያውቅ በደረቁ ማለቱን ትቶ በዜማው ሲል ራሱን አገኘው። ደስታ አልነበረም፤ ዕረፍትም አልነበረም። አንድ ሰው ስሙን ጠርቶት አቤት ያለ ያህል፥ የጠራውንም ዞሮ ሲያይ ያላገኘው ያህል ነበር።

«ባላችሁበት ቁሙ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ከሸንበቆው የወጣው ካኪ ኮት የደረበ፥ ምንሽር ያነገተ አብዮት ጠባቂ ነው። አምሐ ዐወቀው። አለበል ይባላል። ጥር ሠላሳ ቀን እዚህ ከነበሩት አንዱ ነው። የሟች ወገን እየመጣ እንዳያለቅስ ቦታውን እንዲጠብቅ የተመደበም እሱ ነው። አምሐ ጋቢው ውስጥ ተሸሸገ። ወባው ፊቱን ስላመነመነው አለበል አላወቀውም፤ ዓይኑን የጣለው ቄሱ ላይ ነው።

ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። መምሬ ልጃቸውን እየፈቱ መሆኑን ነገሩት። ልጃቸው እዚህ መሆኑን በምን እንዳወቁ ጠየቃቸው።

«ቦታውን ማን አሳየዎ?»

መምሬ ዝም አሉ።

አለበል ጠመንጃውን አወረደ። ይህን ሰው ካልተናገሩ እሳቸውን እንደሚወስድ፥ በቄስነታቸው የሚተዋቸው እንደሌለ፥ እዚያ ደግሞ ሁሉም በመጨረሻ እንደሚናገር ነገራቸው። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። መምሬ መጽሐፋቸውን ዘግተው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ። ለመሄድ የተዘጋጁ መሰሉ። ወደ አምሐ በዓይናቸው እንኳ አልዞሩም።

አምሐ ያን ሰው አየ። ስም ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚመስል አየ። የሚጠላውን ሰው ስም እንኳ የማይሰጥ።

ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው ቦታውን አያውቁትም ነበር። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

አለበል ዓይኑን አጥብቦ አየው። «አንተ ያ ቆፋሪው አይደለህም?»

«ነኝ።»

ሞትን አሁንም ይፈራል፤ የፍርሃቱ መጠን በጥር ወር ከነበረው አንዲት ጠብታ አልጎደለም። ግን ቃሉን ማንም ሳይመታው ነበር የተናገረው፤ መልሶ ሊውጠውም አልፈለገም።

አለበል የወገቡን ገመድ ፈትቶ እጁን ወደ ኋላ አሰረው። መምሬ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡና ቆሙ። ከዚያ መስቀላቸውን አነሡና አምሐ ግንባር ላይ፥ ቀጥሎ አፉ ላይ አሳረፉት። እንጨቱ ሞቃት ነበር። አምሐ ሳመው። የሳመው አምኖ እንደሆነ አያውቅም፤ ሲስመው ግን የዓምዴ አባት እጅ እንዳልተንቀጠቀጠ ዐወቀ።

አለበል ቄሱ ታንኳቸውን ይዘው እንዲሄዱ፥ ዳግመኛም እንዳይመጡ፥ እሱም እንዳላያቸው እንደሚቆጥር ነገራቸው። አምሐን ከፊቱ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ከኋላው የሚሰማው የእግር ድምፅ ተቋረጠ። አምሐ ዞሮ አየ። አለበል መሬት መሬት እያየ ቆሟል።

«መምሬ» ብሎ ከዚያው ሆኖ ተጣራ። «ለአራቱም ይጸለያል?»

«ስማቸውን አላውቅም» አሉ መምሬ።

«እኔ አውቀዋለሁ። ዝርዝሩን ያነበብሁ እኔ ነኝ።» ስሞቹን በቀበሌ አዳራሽ እንደሚጠራ ሰው ሳይሆን፥ አንድ አንዱን ከየት እንዳስቀመጠው እየፈለገ እንደሚያወጣ ሰው ነበር የተናገራቸው። «ክንዱ። አስማማው። ደሞዝ።» ቆመ። «አገርነሽ። ሴት ነበረች። ተማሪ። የአባቷን ስም ረሳሁት። ሌሊት ሌሊት ለማስታወስ እሞክራለሁ፥ አይመጣልኝም።»

«ይበቃል» አሉ መምሬ። «የቀረውን የሚያውቅ አለ።»

ማኅደራቸውን እንደገና ከፈቱ። አራት ነፍስ ስለተጨመረ ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አለበል ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሰማል። አምሐ እጁ ወደ ኋላ እንደታሰረ ቆሟል። መምሬ ክንዱን ጠርተው የሚቀበላቸውን ጠበቁ። ነፋሱ ዞሮ ነበርና ድምፃቸው ይመጣል፥ ይሄዳል። አምሐ መናገር የተፈቀደለት አልመሰለውም።

አለበል ሳያየው በክንዱ ነካ አደረገው።

«ተቀበላቸው እንጂ» አለው። «ሌላ ሰው የላቸውም።»

አምሐ ተቀበለ። የአገርነሽ ስም ሲጠራ ከጎኑ አንድ የጎረነነ ድምፅ አብሮት ሲል ሰማ፤ ግን ዞሮ አላየም። ጸሎቱ ረጅም ነው፤ መምሬም አላሳጠሩትም። ሲጨርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን በቆዳው ከተው፥ ጫማቸውን ሳያጠልቁ በእጃቸው ይዘው፥ በሸንበቆው መካከል ወደ ታንኳቸው ወረዱ።

አለበል አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና አፈ ሙዙን ወደ መንገዱ አመለከተ።

«ቅደም» አለው።

አምሐ ቀደመ።